የናይሮቢ ኢስኬፕ ሩሞች፦ ከድሬዳዋ ለሚሄድ ቤተሰብ የትኛው ክፍል ይሻላል?

ለሠርግ፣ ለንግድ ወይም ለጉብኝት ናይሮቢ ደርሶ የሚመለስ የድሬዳዋ ሰው ከአራዊት ፓርኩና ከገበያ ማዕከላቱ ሌላ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ነገር ቢፈልግ፣ ኢስኬፕ ሩም የሚባለውን ጨዋታ እንዲሞክር እመክራለሁ። ምክሬ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የሚመረጠው ክፍል በእጅና በዓይን የሚፈታ እንጂ በእንግሊዝኛ ንባብ የሚፈታ መሆን የለበትም። ቤተሰባችን ለዘመድ ሠርግ ወደዚያ በሄደበት ሰሞን የተጫወተባቸው ክፍሎች በዋጋ ተቀራራቢ፣ በጌጥም ከሞላ ጎደል እኩያ ነበሩ። ይሁን እንጂ አንዱን ለማንም ሰው ስመክር፣ ሌላውን ለጥቂቶች ብቻ እላለሁ፤ የቀረውን ግን ማንም ባይገባበት እመርጣለሁ። ቤቶቹን በስም አልጠራም፤ ስለ አንደኛው የምናገረው በጎ ባለመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች ክፍሎቻቸውን በየጊዜው አፍርሰው በሌላ ታሪክ ስለሚተኩ፣ ለአንባቢ የሚጠቅመው የቤቱ ስም ሳይሆን ምን ዓይነቱን ክፍል መምረጥ እንዳለበት ማወቁ ነው። ስለዚህ የባቡሩ ክፍል፣ የባንኩ ክፍልና የእስር ቤቱ ክፍል እያልሁ እቀጥላለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ከሁለት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች አንድ ታሪክ ወደ ተዘጋጀለት ክፍል ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ከ60 ደቂቃ ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ተጫዋቾቹ መሳቢያውን፣ ሻንጣውንና ሥዕሉን ፈትሸው፣ ያገኙትን አገጣጥመው፣ ጓጉንቸሮቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ጊዜው ሳያልቅ መውጣት አለባቸው። ውጭ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ በካሜራ ይከታተላቸዋል፣ ሲጨንቃቸውም ፍንጭ ይሰጣቸዋል። በእኛ እንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ እዚህ ደግሞ የሚሰጠው ደቂቃ ነው፤ በአንዳንድ ቤቶች ለእያንዳንዱ ፍንጭ ከቀረው ጊዜ ላይ ይቀነሳልና። ጨዋታው በዚህ መልክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ታካኦ ካቶ በተባለ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ቡዳፔስት ላይ ቤት ከተከፈተለት በኋላ በአውሮፓ ከተሞች በፍጥነት ተዛመተ።

ቡድናችን እንዲህ ላለው ግምገማ የሚመች ቅልቅል ነበር። አጎቴ ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ከመናገራቸውም በላይ እንደ ዘመናቸው የባቡር ሠራተኞች ሁሉ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ እንግሊዝኛ ግን የላቸውም። እህቴ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ እንግሊዝኛዋ ለመድኃኒት ማዘዣ ይበቃል፣ ለግጥም ግን አይበቃም። ልጇ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ከሐረር የተቀላቀለን ጓደኛችን ደግሞ የሒሳብ መምህር ነው። ከድሬዳዋ ተነስተው ናይሮቢ የሚገቡ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ይህን ይመስላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ጨዋታው የተሠራበትን አንድ ቋንቋ እኩል የማያውቅ ቤተሰብ ነው። የጨዋታ ቤቶቹ ማስታወቂያ ስለ ክፍሉ አስቸጋሪነት በኮከብ ወይም በቁልፍ ሥዕል ደረጃ ያወጣል፤ የቋንቋውን ክብደት የሚነግር ምልክት ግን የለውም፤ ለእኛ ዓይነቱ ተጫዋች ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ከባቡሩ ክፍል እጀምራለሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ የምናገርለት ስላለኝ በዚሁ ላይ እቆያለሁ። ናይሮቢ እንደ ድሬዳዋ ሁሉ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከሞምባሳ የተነሳው የእንግሊዞች ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 ረግረግ ከነበረው ሜዳ ላይ ደርሶ ሰፈር አበጀ፤ ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ሐዲድም እ.ኤ.አ. በ1902 የእኛን ከተማ አስቆረቆረ። የክፍሉ ታሪክ በዚያ ዘመን የተቀመጠ ነው። የአንዲት ገጠር ጣቢያ ኃላፊ ሌሊት ድንገት ጠፍቷል፤ በአካባቢው አንበሳ ይዞራል ይባላል፤ ከ60 ደቂቃ በኋላ ሐዲዱ ወደ ተቆረጠበት አቅጣጫ የሚመጣ ባቡር ስላለ ተጫዋቾቹ ማስቆሚያውን ፋኖስ አግኝተው ማብራት አለባቸው። ነገሩ ልብ ወለድ ቢሆንም መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ጻቮ በተባለው ስፍራ ሁለት አንበሶች የሐዲድ ሠራተኞችን እየነጠቁ የድልድዩን ሥራ ለወራት አስተጓጉለው ነበር።

ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ የጣቢያ ጽሕፈት ቤት፣ ግማሹ የተሳፋሪ ፉርጎ ነው። የእንጨት አግዳሚ፣ የቆዳ ሻንጣ፣ የነሐስ ፋኖስ፣ የዕቃ ሚዛንና የቴሌግራፍ መምቻ አሉበት፤ አብዛኛው ዕቃ እውነተኛ አሮጌ ነገር እንጂ ከፕላስቲክ ተሠርቶ ቡናማ የተቀባ አይደለም። አጎቴ ገና እንደ ገቡ ፋኖሱን አንስተው ገልብጠው አዩት፤ መስታወቱ በተራ መስታወት መተካቱን ጠቅሰው ከነቀፉት በኋላ ግን ቀሪውን አጸደቁት። ለጌጥ ይህን ያህል ቃል ማባከኔ ዕቃው የእንቆቅልሹ አካል በመሆኑ ነው። ሚዛኑ ይመዝናል፣ ቴሌግራፉ ይመታል፣ የፋኖሱ ቀለም ትርጉም አለው፤ አንዳቸውም ለፎቶግራፍ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም።

የሚከፈቱትን ነገሮች ቅደም ተከተል አዛንፌ ሁለት እንቆቅልሾችን ብቻ ልግለጽ፤ ለሚሄድ ሰው ጨዋታውን አያበላሹበትም። የጣቢያው መዝገብ ባቡሩ የሚደርስበትን ሰዓት በስዋሂሊ ጽፎታል፤ ቁጥሮቹን በነጥብ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከጎኑ ስላለ ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላል። የጠረጴዛውን ሰዓት ወደዚያ ማዞር ሲሆን፣ የውጭ አገር ጎብኚዎች ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ቆጣሪውን ሦስት ላይ አቁመው መሳቢያው እንደማይከፈትላቸው ተቆጣጣሪው በኋላ ሳቅ እያለ ነገረን። ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲነጋገሩ እንደ እኛው ሰዓቱን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ የእጅ ሰዓታቸውን ግን የሚሞሉት እንደ ዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። በእኛ ቤት አፍም ሰዓትም ሦስት ስለሚል እህቴ ቆጣሪውን ሦስት ላይ አቆመችው። ስልኩን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የሚጠቀመው ልጇ «እማዬ፣ እነሱ ሦስት ብለው ዘጠኝ ላይ ነው የሚያዩት» ብሎ አዞረው፤ መሳቢያውም ተከፈተ። ለጀርመን ወይም ለአሜሪካ ሰው ይህ እንቆቅልሽ ትምህርት ነው፤ ለሐበሻ ግን ቀልድ ጭምር ነው፣ ግማሹን እያወቀ ግማሹ ያመልጠዋልና።

ሁለተኛው ባለ አራት አኃዝ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት የብረት ሣጥን ነው። በሣጥኑ ክዳን ላይ ሁለት ሐዲዶች ተስለው በመካከላቸው ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት አለ፤ ወለሉ ላይ እውነተኛ የሐዲድ ቁራጮች ተተክለዋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ምልክት የተቀረጸበት በትር ቆሟል። ተጫዋቹ በትሩን አምጥቶ በሐዲዶቹ መካከል ያለውን ስፋት በሚሊ ሜትር እንዲለካ ይጠበቃል። አጎቴ በትሩን አልነኩም። «ሜትር ነው፤ የእኛም ሜትር ነበር» ብለው ጓጉንቸሩን 1000 ላይ አዞሩት። አዲሱን የጅቡቲ ባቡር ብቻ የሚያውቀው የእህቴ ልጅ 1435 ነው ብሎ ሊከራከር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሱም አልተሳሳተም፤ ሁለቱም አገሮች አሁን ያሠሩት ሐዲድ በዚያ ስፋት ነው። የቀድሞው የጅቡቲ መስመርና የቀድሞው የሞምባሳ መስመር ግን ሁለቱም ባለ አንድ ሜትር ነበሩ። ተቆጣጣሪው በካሜራ ሲያይ ደንግጦ መቆለፊያው የተበላሸ መስሎት እንደነበር በኋላ ነግሮናል፤ ስንወጣም አጎቴን ቆሞ ተቀበላቸውና ሽማግሌ በሚያከብሩበት አጠራር «ምዜ» እያለ የት እንደ ሠሩ ጠየቃቸው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት የሥራው አከፋፈል ነው። አንዳንድ ክፍሎች እንቆቅልሾቻቸውን እንደ ሰንሰለት ይቀጥሏቸዋል፤ አንዱ ካልተፈታ ሌላው አይገኝም፤ በዚህም ምክንያት አምስት ሰው አንድ ጓጉንቸር ዙሪያ ይሰበሰብና ሁለቱ ሲሠሩ ሦስቱ ይቆማሉ። በባቡሩ ክፍል ግን ገና ከመነሻው የሚፈቱ ሦስት ያህል ነገሮች በአንድ ጊዜ ስላሉ እህቴ ሻንጣዎቹን እየመዘነች፣ መምህሩ የቲኬት ቁጥሮችን እየደረደረ፣ ልጁ የቴሌግራፉን ምት እያዳመጠ ሁሉም ሥራ አገኘ፤ የሦስቱም ውጤት መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛል። ፍንጩም የሚመጣው በስክሪን ጽሑፍ ሳይሆን በቴሌግራፉ ደወል ነው፤ ደወሉ በተሰማበት አቅጣጫ ያላየነው ነገር አለ ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ለመርዳት አልቸኮለም፤ ተናደን እርስ በርስ መወቃቀስ እስክንጀምርም ድረስ አልዘገየም። ይህን ሚዛን መጠበቅ ከጌጡ ሁሉ ይከብዳል፤ በሌሎቹ ቤቶች ያጣሁትም ይህን ነው።

እንከን የለውም አልልም። የፉርጎው መብራት ለሽማግሌ ዓይን እጅግ ደካማ ነው፤ አጎቴ መነጽራቸውን ይዘው እንኳ ትናንሽ ቁጥሮችን በስልክ መብራት ለማየት ተገደዱ፤ ስልክ ማብራት ደግሞ በሕጉ የተከለከለ በመሆኑ ተቆጣጣሪው አይቶ እንዳላየ አለፈን። መጨረሻ ላይ ያለው በማግኔት የሚከፈት ሣጥን ከብዙ አጠቃቀም ብዛት ስለ ደከመ፣ ትክክለኛውን ነገር አድርገን ሳለ አልከፈት ብሎ ደቂቃዎች በላብን፤ እንዲህ ያለው ነገር ተጫዋቹን ትክክለኛውን መልስ እንዲጠራጠር ስለሚያደርግ ከከባድ እንቆቅልሽ የከፋ ነው። ቤቱ የጠፋውን ጊዜ መልሶ ጨመረልን፤ ይቅርታም ጠየቀ። ጥቂት ሲቀረን ፋኖሱን አበራን። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው ገብቶ እያንዳንዱን እንቆቅልሽ ከመነሻው አስረዳን፤ ማን ምን እንደ ሠራ ያላየው ሰው የጨዋታውን ግማሽ ደስታ የሚያገኘው ከዚህ በመሆኑ፣ ይህን የማያደርግ ቤት ከዋጋው ላይ ሊቀንስ ይገባ ነበር።

ይህን ክፍል የተጫወተ ሰው በማግስቱም ቢሆን የናይሮቢን የባቡር ሙዚየም ቢያይ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ራያል የተባለውን የፖሊስ ኃላፊ አንበሳ በመስኮት ጎትቶ ያወጣበት ፉርጎ እዚያ ቆሟል፤ አደጋው የደረሰው ኪማ በተባለው ጣቢያ ሲሆን ሰውየው አንበሳውን ሊገድል አድፍጦ እያለ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። አጎቴ ሙዚየሙ ውስጥ ከጨዋታው ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆዩ። እኔም ያን ጊዜ ስለ ድሬዳዋው አሮጌ ጣቢያና ወርክሾፕ አሰብሁ። የማዞሪያ መኪኖቹ፣ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና የፈረንሳይኛ ጽሑፎቹ ባሉበት ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለማዘጋጀት የሚነሳ ሰው ለጌጥ የሚያወጣው ገንዘብ አይኖርም፤ የሚያስፈልገው ጥሩ እንቆቅልሽ ፈጣሪና አጎቴን የመሰለ አንድ አማካሪ ብቻ ነው። ሐረርም በር መዝጋትና መክፈት የሚያንሳት ከተማ አይደለችም፤ ጁገል አምስት በሮቿን ማታ ማታ ዘግታ የኖረች ናት። ይህ ግን የግምገማው ጉዳይ ስላልሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

የባንኩ ክፍል ሲታይ ከባቡሩ ክፍል ይበልጣል። ወፍራም የካዝና በር፣ የሚያብረቀርቅ መደርደሪያ፣ በጭስ ውስጥ የሚታዩ ቀያይ የብርሃን መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹን ሳይነኩ አጎንብሶና ዘሎ ማለፍ ለልጁ የጉዞው ሁሉ ታላቅ ደስታ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚጀምረው ነው። ፍንጮቹ በቤት በሚመታ እንግሊዝኛ ተጽፈዋል፤ አንደኛው መስቀለኛ ቃላት ነው፤ ሌላው አንድ ቃል በሁለት ፍች መጠቀሙን ካልተረዱ የማይፈታ የጋዜጣ ርዕስ ነው። ይህ የአእምሮ ፈተና ሳይሆን የቋንቋ ፈተና ነው፤ የጥያቄው ብልሃት ስለተገለጠልን ሳይሆን ቃሉን ስላወቅነው ወይም ስላላወቅነው ብቻ ነው የምናልፈው ወይም የምንወድቀው። እህቴ ወረቀቱን ደጋግማ አንብባ ለልጇ ሰጠችው፤ ልጁም በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው እየታገለ አነበበው። አጎቴ ግን ከደንበኞች ወንበር በአንዱ ላይ ተቀምጠው ተራውን እንደሚጠብቅ ደንበኛ ሰዓቱ እስኪያልቅ ቆዩ። ዋጋው በሰው ልክ የሚታሰብ በመሆኑ የእሳቸው መቀመጥ ነጻ አልነበረም።

መምህሩ ጓደኛችን በዚህ ክፍል ውስጥ ቡድኑን ያዳነበት ዘዴ የክፍሉን ድክመት ይመሰክራል። ባለ አራት አኃዝ ጓጉንቸር 10,000 የቁጥር ጥምረቶች አሉት፤ ከአራቱ ሦስቱ ከታወቁ ግን የሚቀሩት አሥር ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አራተኛውን የሚሰጠውን ግጥም ማንበብ ትቶ አሥሩንም በተራ ሞከረና ከፈተው። ሁለት አኃዝ ብቻ በታወቀበትም ቦታ መቶውን ሙከራ ጀምሮ ነበር፤ ተቆጣጣሪዋ በድምፅ ማጉያ ከለከለችው። ጥሩ ቤት እንዲህ ያለውን አቋራጭ በክልከላ አይዘጋም፤ ከቁጥር ይልቅ በቅርጽ፣ በአቅጣጫ ወይም በዕቃ አቀማመጥ የሚከፈት መቆለፊያ በመጠቀም ይዘጋዋል። ፍንጮቹም ሳንጠይቅ ገና ማሰብ ስንጀምር በስክሪን ላይ ይደረደሩ ነበር፤ እነሱም በእንግሊዝኛ ናቸው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በእንግሊዝኛ የተማሩና እርስ በርስ በዚያው ቋንቋ የሚቀልዱ ወጣቶች በዚህ ክፍል በጣም እንደሚደሰቱ አልጠራጠርም፤ ከእኛ በፊት የወጡት የናይሮቢ ተማሪዎች ሲጮኹ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ለእነሱ ጥሩ ነው። አባቱን ወይም እናቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

ስለ እስር ቤቱ ክፍል የምናገረው አጭር ሊሆን ይችል ነበር፤ እንቆቅልሾቹ ተራ ናቸው፣ ጌጡም ጥቁር ቀለምና ፍርግርግ ብረት ነው። የሚያነጋግረው ደኅንነቱ ነው። ሲገባ ዓይን በጨርቅ ይታሰራል፣ እጅ በካቴና ይያዛል፤ የካቴናው መክፈቻ እንቆቅልሽ ተፈትቶ ይገኛል፤ መጠባበቂያው ደግሞ ከሠራተኛው ኪስ ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ «አቦ እኔ የለሁበትም» ብላ ወጥታ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀመጠች፤ አጎቴንም አስቀረቻቸው። የሚፈረመው ወረቀት ቤቱ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ አለመሆኑን በደቃቅ ፊደል ይዘረዝራል፤ አደጋ ቢፈጠር በየት እንደሚወጣ ግን አንድ ቃል አይናገርም። የድንገተኛ ጊዜ መውጫው የት ነው ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ እስከ ዛሬ ማንም አላስፈለገውም የሚል ነበር።

ጨዋታው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ ለድሬዳዋ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ልጁም ሳቀ። በኤሌክትሪክ ማግኔት የተያዙት በሮችም ወዲያው ተከፈቱ፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው፤ እንዲህ ያለው መቆለፊያ በሩን የሚይዘው ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ሲቋረጥ ሰው ይለቀቃል። ከመውጫው በፊት ያለው የፍርግርግ በር ግን በተራ ጓጉንቸር የተዘጋ ነበር፤ ጓጉንቸር ደግሞ መብራት ይኑር አይኑር አያውቅም። የሁለታችን እጅ በካቴና እንደ ተያዘ በጨለማ ቆመን ሠራተኛው በስልኩ መብራት ቁልፉን ከቁልፎች መካከል ሲፈልግ ጠበቅን። ምንም አልደረሰብንም። ሆኖም ያ ጨለማ ጢስ ቢሆን ኖሮ ብሎ አለማሰብ አይቻልም።

ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2019 በፖላንዷ ኮሻሊን ከተማ የአንዷን ልደት ለማክበር ወደ እንዲህ ያለ ቤት የገቡ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ሞተዋል። እሳቱ የተነሳው እነሱ ካሉበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከእንግዳ መቀበያው ሲሆን፣ መነሻው ለማሞቂያ ከሚያገለግል ሲሊንደር ያፈተለከ ጋዝ ነበር፤ ልጆቹ ሌላ የሚወጡበት በር አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የፖላንድ ባለሥልጣናት በመላው አገሪቱ የነበሩትን ቤቶች ፈትሸው የተወሰኑትን ዘጉ። ከዚህ የሚታየው፣ አደጋው ከጨዋታው ክፍል ውጭ ቢነሳም ክፍሉ መውጫ ከሌለው ሰውን እንደሚገድል ነው። በባቡሩ ክፍል የመግቢያው በር ከጅምሩ አልተቆለፈም ነበር፤ ተቆጣጣሪው ገና ስንገባ እጀታውን አዙሮ አሳየን፣ ሌላም አረንጓዴ ቁልፍ ሲነኩት በሩ ሁሉ እንደሚከፈት አስረዳን። ታሪኩ ተቆልፎብናል ይላል፤ እጃችን ግን በፈለግን ጊዜ መውጣት እንደምንችል ያውቃል። ይህ የጨዋታውን ውጥረት በጥቂቱም አልቀነሰብንም። በሩን የምር መቆለፍ ጨዋታውን ያጣፍጠዋል የሚለው የእስር ቤቱ ክፍል ባለቤቶች ክርክር ስለዚህ አያሳምነኝም።

ስለ ጉዞውና ስለ አሠራሩ የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከአዲስ አበባ የሚደረገው በረራም ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ልደት በሚያከብሩ ልጆችና በየመሥሪያ ቤቱ ቡድኖች ስለሚሞላ በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት መሄድ ይሻላል። ክፍያው በአብዛኛው በኤም-ፔሳ ነው። የኤም-ፔሳ ባለቤት ሳፋሪኮም በአገራችን የስልክ አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ከድሬዳዋ በመሆኑ ስሙ ለከተማችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ያም ሆኖ የኬንያ መስመር የሌለው ሰው ሽልንግ በእጁ ይዞ ቢሄድ ያለ ጭንቀት ይከፍላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ጃኬት አይረሳ፤ ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ለመጣ ሰው ብርዱ ቀላል አይደለም፤ ክፍሎቹም ማሞቂያ የላቸውም። የሐረሩ ጓደኛችን ግን በሸሚዝ ሲዞር ከረመ።

የሰው ቁጥርን በተመለከተ ቤቶቹ እስከ ስድስት ሰው ይቀበላሉ፤ የሚከፈለው በሰው ስለሆነ ስድስት ቢገባላቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ አራት እላለሁ። ከአራት በላይ ሲሆን በጠባቧ ክፍል ውስጥ ሰው ሰውን ይጋፋል፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው ሳይሰማ ይቀርና የተከፈተ መሳቢያ እንደገና ይፈተሻል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆችም ልጆቹን ይዘው ባይገቡ ይሻላል፤ ትንንሽ ማግኔቶችና ቁልፎች በየቦታው አሉና። ሽማግሌዎችን በተመለከተ ግን የተለመደውን አስተያየት አልቀበልም። ጨዋታው የወጣት ነው እየተባለ ቤት የሚቀሩ አባቶችና እናቶች አሉ፤ በእጅና በዓይን በሚፈታ ክፍል ውስጥ ሰው በሥራ ዘመኑ ያካበተው እውቀት ዋጋ እንዳለው በባቡሩ ክፍል አይቻለሁ። ሲያዙ መቀመጫ እንዳለና መብራቱ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

በስልክ ሲያዝዙ ሦስት ነገር ሳይጠይቁ ገንዘብ አይላኩ፦ እንቆቅልሾቹ ምን ያህሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተመሠረቱ እንደሆኑ፣ የመግቢያው በር በጨዋታው ጊዜ ይቆለፍ እንደሆነና መብራት ሲጠፋ እያንዳንዱ በር ምን እንደሚሆን። የባቡሩ ክፍል ሠራተኛ ሦስቱንም ሳያንገራግር መለሰልን፤ የባንኩ ክፍል ሠራተኛ ስለ ቋንቋው ጥያቄ ተገረመች፣ ነገር ግን እውነቱን ነገረችን፤ የእስር ቤቱ ክፍል ሠራተኛ «ኑና ታያላችሁ» አለን። ለባቡሩ ክፍል ከአምስት አራት ተኩል፣ ለባንኩ ክፍል ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ለእስር ቤቱ ክፍል፣ የፍርግርጉ በር በጓጉንቸር እስከ ተዘጋ ድረስ፣ ነጥብ አልሰጥም።